«ወላጅ አምጣ» ስትባሉ ምን ይጠብቃችኋል? የአንድ የደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤት የቅሬታ አፈታት ሲገመገም

ሆቴል ይገመገማል፣ ስልክ ይገመገማል፣ ጫማ ይገመገማል። ትምህርት ቤት ሲገመገም ግን የሚወራው ስለ ሕንፃው፣ ስለ ክፍያውና ስንት ልጅ እንዳሳለፈ ብቻ ነው። የሚረሳ ነገር አለ። ከልጃችሁ መምህር ጋር ያልተስማማችሁ ቀን ትምህርት ቤቱ ምን ያደርጋል? ያዳምጣል ወይስ ያመላልሳል? ይህም አገልግሎት ነው። ብር ባይጠየቅበትም ጊዜና ደም ግፊት ይከፈልበታል።

ዛሬ የምገመግመው እዚሁ ደብረ ማርቆስ ያለ የአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቅሬታ አፈታት ነው። ስሙን አልጠራም። ማርቆስ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት ከተማ ነው፤ ትምህርት ቤቱን ጠራሁ ማለት መምህሩን ጠራሁ ማለት ነው። ለሚቸኩል ሰው ነጥቡን አስቀድሜ ልስጥ፦ ከ5 ኮከብ 3 ተኩል። አንድ ተኩሉ የት የት እንደወደቀ እያነበባችሁ ታገኙታላችሁ።

እኔ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ መብራት ሲኖር የምትሠራ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን። ማመልከቻ እጽፋለሁ። የመሬት፣ የውርስ፣ የዝውውር፣ የሥራ መልቀቂያ። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ካርድ ሲሰጥ ደግሞ የወላጅ አቤቱታ ይመጣል። ስለዚህ ነገሩን በሁለት በኩል አውቀዋለሁ፤ እንደ እናትም፣ እንደ ጸሐፊም።

አቤቱታ እኔ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያድግ ብታዩ ትገረማላችሁ። ሰውየው ሲገባ «መምህሯ ልጄን ትጫነዋለች» ይላል። እኔም «ጉዳዩ፦ አቤቱታ ስለማቅረብ ይሆናል» ብዬ እጀምራለሁ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስንደርስ «ትጫነዋለች» የነበረው «ሆን ብላ የልጄን የወደፊት ሕይወት ለማጨለም» ይሆናል። ከዚያ ግልባጭ ይከተላል። ግልባጭ ለከተማው ትምህርት መሥሪያ ቤት። ግልባጭ ለሴቶችና ሕፃናት። ግልባጭ ለፖሊስ። አንዱማ ስለጠፋች ማስመሪያ ጽፎ ለከንቲባውም ግልባጭ ይድረስልኝ ብሏል።

ወረቀቱ እንጀራዬ ነው፤ አልጠላውም። ግን ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ከተሰጠው በኋላ የርዕሰ መምህሩ ሥራ ይቀየራል። ጠቡን መፍታት ይቀርና ለደብዳቤው መልስ መጻፍ ይሆናል። መምህሯም መልስ ትጽፋለች። (እሷም እኔው ጋ መጥታ ነው የምታስጽፈው። ይህን ሰው አያውቅም።) ሁለቱም በጽሑፍ የተናገሩትን በአፍ መመለስ ያፍራሉ። በቃ፣ ሰኔ ድረስ እንደተኳረፉ ይከርማሉ። ልጁ ግን በየቀኑ እዚያው ክፍል ይቀመጣል።

ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ።

ልጄ አምስተኛ ክፍል ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የሒሳብ ተከታታይ ምዘና ውጤት ተነገራቸው። አከፋፈሉ እንዲህ ነው፤ ሁለት ቴስት ከ10 ከ10፣ የቡድን ሥራ ከ10፣ የቤት ሥራ ከ10፣ ደብተር ከ10፣ የቀረው 50 ማጠቃለያ ፈተና። ቴስቶቹን 8 እና 7 አምጥቷል። የቤት ሥራ ከ10 1። ደብተር ከ10 2። አንድ! መብራት በጠፋበት ማታ በስልክ ብርሃን የሠራነው የቤት ሥራ አንድ!

ደብተሩን ገለጥኩ። የቤት ሥራዎቹ ላይ የመምህሩ ቀይ ራይት አለ፤ ፊርማም አለ። «ይኸ ምንድን ነው?» አልኩት። «ለአለቃ ሰጥቻለሁ፤ ቲቸርም አርሞልኛል» አለ። ስንጨቃጨቅ ዋናው ነገር ወጣ። ለካ ኅዳር ላይ መምህሩ ክፍል ውስጥ አስነሥቶት «የፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ ሆነህ ደብተር አትይዝም?» ብሎታል። ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ፎቶ ኮፒ» ሆኗል። ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» የሚለኝ ለዚህ ነው።

እኔ ልሄድ ስነሣ እነሱም ጠሩኝ። ደብተሩ ላይ በቀይ «ወላጅ ይምጣ» ተጽፎ መጣ።

አገልግሎቱ የሚጀምረው በር ላይ ነው። ነጥብ መጣልም የጀመረው እዚያው ነው። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ነው የሚሠራው። የልጄ መምህር አንድ ሳምንት ጠዋት፣ በሌላው ሳምንት ከሰዓት ይገባል። ይህን የሚናገር ወረቀት በሩ ላይ የለም። ጥበቃው ጨዋ ሰው ናቸው፤ ግን መልሳቸው አንድ ነው። «ስብሰባ ላይ ናቸው።» ማን? «ሁሉም።»

ከአጠገቤ አንድ አባት ተቀምጠዋል። ከከተማው ዳር ካለ ገጠር በእግራቸው የመጡ ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከጠዋት ጀምሮ ይጠብቃሉ። የእሳቸውም ልጅ «ወላጅ አምጣ» ተብሎ ነው። ለምን እንደተጠሩ አያውቁም። «እትዬ፣ ሰርቆ ይሆን እንዴ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ኋላ ሲጣራ ልጁ ፀጉሩን እንዲቆረጥ ነው። ለፀጉር! የአንድ ቀን እርሻ ፈተው የመጡ ሰው። ለወላጅ ጥሪ ሲላክ ምክንያቱና ሰዓቱ አብሮ ቢጻፍ ምን ይጎዳል? እዚህ ላይ ግማሽ ኮከብ ቀነስኩ። ለእኔ አይደለም፣ ለእሳቸው ስል።

ከመምህሩ ጋር መጀመሪያ የተገናኘነው በረንዳ ላይ ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ አንዱ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ባለችው ቀዳዳ ውስጥ። ልጅ እግር ነው። ጠመኔ በጣቶቹ ይዟል፤ ደብተር በብብቱ። «ልጅዎት የቤት ሥራ አያቀርብም፤ ይረብሻል» አለኝ። እኔ ደግሞ ደብተሩን ከፍቼ «ይኸው የእርስዎ ራይት!» አልኩ። ድምፃችን ከፍ አለ። በመስኮቱ የልጆች ጭንቅላት ተደርድሯል። አንዷ «የፎቶ ኮፒ እናት ናት» ስትል ሰማሁ።

እዚህ ላይ የተሻለው አገልግሎት ገባ። ዩኒት ሊደሩ (የተወሰኑ ክፍሎችን ሥርዓት የሚከታተለው መምህር) ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ መካከላችን ቆመ። «እናቴ፣ እዚህ አይሆንም። መምህር፣ አንተም ክፍልህ ግባ» አለ። ማን ልክ ነው ማን አልጠየቀም። እኔን ወደ ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ወሰደኝ፤ ለማግስቱ፣ መምህሩ ክፍለ ጊዜ በሌለው ሰዓት፣ ከእረፍት በኋላ ቀጠሮ ያዘልኝ። ወረቀት ላይ ጽፎ ነው የሰጠኝ። «ደብተሩን ይዘው ይምጡ፤ ማመልከቻ አያስፈልግም» አለኝ። የማን ሙያ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ይስቅ ነበር።

አንዳንድ ሰው ይህን ትንሽ ነገር ይለው ይሆናል። ለእኔ ግን ከ3 ተኩሉ ኮከብ አንዱ ሙሉው የዚህ ሰው ነው። ጠብ በረንዳ ላይ ሲሆን ሁለቱም የሚናገሩት ለተመልካች ነው። እሱ ተማሪዎቹ ፊት መሸነፍ አይችልም። እኔም ልጄ እያየኝ ዝም ማለት አልችልም። ያን በረንዳ ለቆ ቁጭ ማለት ብቻውን ግማሹን እሳት ያበርዳል።

የምክትሏ ቢሮ ጠባብ ነው። የጠመኔ ካርቶን፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ የመረብ ኳስ መረብ። ሻይ የለም። ልጁን ውጭ አስቀመጡት። ሴትየዋ ጎልማሳ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። እኔም መምህሩም አፋችንን ልንከፍት ስንል እጃቸውን አነሡ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን እንየው» አሉ። ደብተሩንና የመምህሩን ማርክ ሊስት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጉ። ከኪሳቸው መነጽር አወጡ። የቤት ሥራዎቹን አንድ በአንድ፣ ፊርማውን አንድ በአንድ ቆጠሩ። እኛ ዝም ብለን እናያለን።

ከዚያ ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። የልጄ ስም ያለበት መስመር። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ። ስሙ የልጄ ነው፤ የአባቱ ስምም የልጄ አባት ነው። የሚለዩት በአያት ስም ብቻ ነው።

ያኛው ልጅ ዘንድሮ የገባ ነው። እንደምታውቁት ባለፉት ዓመታት በየወረዳው ትምህርት ሲቋረጥ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ዘመድ ቤት አስጠግቶ ከተማ አስገብቷል። ክፍሉም በዚያው ልክ ሞላ። የልጄ የቤት ሥራ 8 ወደዚያኛው ልጅ፣ የዚያኛው 1 ወደ ልጄ ዞሮ ነበር። መምህሩ ፊቱ ተለወጠ። «አራት ክፍል ነው የማስተምረው» አለ ዝግ ብሎ። «በያንዳንዱ ከ60 በላይ ልጅ አለ።» በልቤ አባዛሁት። ከ240 ደብተር በላይ። እኔ ሠላሳ ገጽ ሰነድ ኮፒ ሳደርግ ገጽ ይዘበራረቅብኛል።

(አስቡት፣ ያ የዘመድ ቤት ልጅ የራሱ ያልሆነ 8 ይዞ ደስ ብሎት ይሆናል። የእሱ መስተካከል ለእሱ ምን እንደሆነ ሳስብ ሆዴ ይባባል። «ለእሱም ወላጅ ጥሩለት፤ ካልተገኘ ዘመዱን» ብያቸዋለሁ።)

አሸነፍኩ ብዬ ሳልጨርስ ምክትሏ ገጽ ገለጡ። ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ የክፍል ማስታወሻው ባዶ ነው። ክፍልፋይ የሚባለው ምዕራፍ ርዕሱ ተጽፎ ከሥሩ ነጭ ወረቀት። የቤት ሥራ ብቻ ከኋላ በኩል ተሠርቷል። «ይረብሻል ያልኩት ይህን ነው» አለ መምህሩ። «ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ያወራል፤ አይጽፍም።»

ልጄን አስገቡት። ምክትሏ «የኔ ልጅ፣ ይህን ለምን ሳትጽፈው ቀረህ?» አሉት። ጫማውን አየ። «መጀመሪያ እያወራሁ ነው። ኋላ ግን ደብተር ሳወጣ ፎቶ ኮፒ እያሉ ይስቁብኛል።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። መምህሩ «ቀልድ ነበር» አለ። ምክትሏ በመነጽራቸው በላይ አዩት። «መምህር፣ እሱ አልሳቀም እኮ።» ልጁ ትንሽ አቀረቀረ፤ መምህሩም። ከዚያ ይቅርታ ጠየቀው። ልጄን! «ይቅርታ፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ አይደለም» አለው፤ እኔንም። መምህር ተማሪውን ይቅርታ ሲጠይቅ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኛ ስንማር ይህ ቢነገረን ተረት ይመስለን ነበር። ለዚህ ምን ያህል ኮከብ እንደምሰጥ አላውቅም፤ ብቻ ሰጥቻለሁ።

ስምምነቱ በቃለ ጉባኤ መዝገብ ተጻፈ። የቤት ሥራው 1 ወደ 8 ይስተካከል። ደብተሩ 2 እንደሆነ ይቆይ፤ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ከአዲስ ይጀምር። ልጁ ከጓደኛው ተለይቶ ፊት ይቀመጥ። ዓርብ ዓርብ መምህሩ ደብተሩን አይቶ ይፈርም፤ እኔም ቤት አይቼ ልፈርም። የካቲት መጨረሻ ላይ ዩኒት ሊደሩ ይየው። ሦስታችን ፈረምን። እውነት ለመናገር ደብተሩ 2 ሆኖ መቅረቱ ከሁሉ አሳመነኝ። ቢጨምሩልኝ ኖሮ አፌን ለማስዘጋት መስሎ ይታየኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልተጻፈም። ስለ ቅጽል ስሙ። «እሱንም አስገቡልኝ» አልኩ። «እሱስ በቃል ይበቃል፤ ይቅርታ ተባብላችኋል» አሉኝ። አይበቃም። ከ60 በላይ ልጅ ፊት የተባለ ነገር በአራት ሰው ፊት ተነሣ። መምህሩ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ፣ «ያን ያልኩት ልክ አልነበረም፤ እንዳትጠሩት» ቢል ያበቃ ነበር። እስካሁን አላለም። ልጆቹ አልፎ አልፎ አሁንም «ፎቶ ኮፒ» ይሉታል። ሁለተኛው ግማሽ ኮከብ እዚህ ወደቀ። ምክትሏን አግኝቼ ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ፤ «አስብበታለሁ» ብለዋል።

ሦስተኛው ግማሽ ከእኛ ጉዳይ ጋር አይገናኝም። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ነው፤ ሰው በተለምዶ «ወመህ» የሚለው። ወላጆች ከመካከላቸው የሚመርጧቸውና መምህራን አብረው የሚቀመጡበት ኮሚቴ ነው። ጉዳይ በርዕሰ መምህሩ ደረጃ ካላለቀ ወደ እነሱ ይሄዳል። የዚህ ትምህርት ቤት ሰብሳቢ አንድ የተከበሩ አዛውንት ናቸው፤ ሁሉም «አያ» እያለ ነው የሚጠራቸው። የማስታረቅ ጸጋ አላቸው። ወላጅና መምህር ተኳርፈው ሲመጡ አያ አንድ ጊዜ ያሳስቋቸውና ነገሩ ያልቃል። ለውጤት ጭቅጭቅ፣ ለመቀመጫ፣ ለክፉ ቃል፣ ከእሳቸው የተሻለ ሰው የለም።

ችግሩ አያ ሁሉንም በዚያው ሚዛን መመዘናቸው ነው። አንድ አባት የልጃቸው ክንድ በአርጩሜ ሰንበር አውጥቶ አዩና ወመህ ሄዱ። «ተው እንጂ፣ መምህር ሁለተኛ አባት ነው» ተባሉ። ይቅር ለእግዜር ተብሎ እጅ መጨባበጥ ሆነ። ሰውየው ከዚያ እኔ ጋ መጡ፤ አንገታቸውን ደፍተው።

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ እያልን የምንኮራበት ትምህርት ልጅን ለየኔታ ሙሉ በሙሉ ከመስጠት ጋር የመጣ ነው። «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» ብሎ የሚያስረክብ ወላጅ ነበር። ብዙ ሊቅ ወጥቶበታል፤ ብዙ ልጅም ጠፍቶበታል። ዛሬ ግን ሕግ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸው ላይ ከሚፈጸም ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይላል። ይህን አንቀጽ በቃሌ የያዝኩት ሕግ ተምሬ አይደለም፤ ደጋግሜ ስለጻፍኩት ነው። ዱላ የሚሸመገል ጉዳይ አይደለም። የዚያን አባት ማመልከቻ ሳንቲም ሳልቀበል ጻፍኩላቸው፤ ግልባጩንም ሳላሳንስ። የከተማው ትምህርት መሥሪያ ቤት ተቀብሎ እያየው ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ ትልቋ ልጄ ቀደም ሲል የግል ትምህርት ቤት ነበረች። የትኛው እንደሆነ ይቅር። እዚያ በር ላይ ማንም አያስቆማችሁም። ሶፋ አለ፣ ሻይ አለ፣ ፈገግታ አለ። በእንግሊዝኛ ውጤቷ ላይ ጥያቄ ነበረኝ፤ ጥያቄ ብቻ። መምህሯን ጠሯት። ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠየቅ «እናቷን ይቅርታ ጠይቂ» አሏት። ጠየቀች። የዚያኑ ዕለት ውጤቱ ከፍ አለ። ወረቀት የተያየ የለም፤ ማን እንደተሳሳተ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጄ ያወቀችው ግን አንድ ነገር ነው፤ እማዬ ስልክ ከደወለች ማርክ ይጨመራል። ሲቀጥል ፈተና በደረሰ ቁጥር «እማዬ፣ ደውይላቸው» ትለኝ ጀመር። መምህሯ በዓመቱ ለቃ ሄደች። ፈገግታው ሲታይ 5 ኮከብ ነው። ለአፈታቱ አንድ ብሰጥ በዛ።

ያ ትምህርት ቤት የቴሌግራም ግሩፕም ነበረው። ስለሱ ረጅም አላወራም። አንዲት እናት ሌሊት በድምፅ መልእክት መምህሩን ሰደበች፤ ሌሎቹ «እውነት ነው»፣ «የኔም ልጅ» እያሉ ተከተሉ፤ መምህሩ ግሩፑን ለቆ ወጣ፤ ጠዋት ልጆቹ ለምን እንደተቆጣቸው ሳያውቁ ዋሉ። የቤት ሥራ ለማወቅ ጥሩ ነው። ለጠብ ግን ያው በረንዳው ነው፤ ተመልካቹ በዛ እንጂ።

ብዙ ሰው «መንግሥት ትምህርት ቤት ሰሚ የለም» ይላል። በር ላይ ላለው ልክ ነው። ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ግን ቢያንስ በዚህኛው ትምህርት ቤት ያገኘሁት ማንንም ለማስደሰት ያልቸኮለ ሰው ነው። ምክትሏ እኔንም አስከፍተውኛል፣ መምህሩንም። ወረቀቱን ነው ያመኑት። ከሶፋው ያን ጠባብ ቢሮ እመርጣለሁ።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ልበል። ርዕሰ መምህሩ ጋ አትጀምሩ፤ መጀመሪያ የክፍል ኃላፊውን ወይም ዩኒት ሊደሩን ጠይቁ። ርዕሰ መምህሩ ቢሰማም መልሶ ወደ እነሱ ነው የሚመራችሁ። የመምህሩ ፈረቃ የትኛው ሳምንት እንደሆነ ልጃችሁ ያውቃል፤ እሱን ጠይቁና ሂዱ። በረንዳ ላይ ከተናገራችሁ አታራዝሙት፤ «ቁጭ ብለን እንነጋገር» ብላችሁ ቀጠሮ ጠይቁ። ደብተሩን ያዙ፣ ከተቻለ ፈተናውንም። ማርክ ሊስቱ ይምጣ በሉ፤ ሲጠየቁ ያሳያሉ። ልጁ መጀመሪያ ውጭ ይቆይ፣ በኋላ ግን ሳይሰማ እንዳይወጣ። የተስማማችሁትን ያጽፉላችሁ፤ ቅጂ አይሰጡም፣ ፎቶ ማንሣት ግን ይፈቅዳሉ። ከዚያ በላይ ካስፈለገ የክላስተሩ (የተቀራረቡ ትምህርት ቤቶች ቡድን) ሱፐርቫይዘር አለ፤ ከእሱ በላይ የከተማው ትምህርት መሥሪያ ቤት።

ልጁ ከተመታ፣ ወይም ብር ከተጠየቀ፣ ወይም ነገሩ ገላውን የሚነካ ከሆነ ይህን ሁሉ ደረጃ እርሱት። ቀጥታ ጻፉ።

ዩኒት ሊደሩን አንድ ነገር ጠይቄው ነበር። የመምህራኑ ነፃ ሰዓት በር ላይ ቢለጠፍ፤ እኔ በነፃ ጽፌ አትማለሁ አልኩት። «በጣም ጥሩ ሐሳብ፣ ዝርዝሩን አመጣልሻለሁ» አለ። ዝርዝሩን እየጠበቅሁ ነው። ከለጠፉት ያን የበሩን ግማሽ ኮከብ እመልስና 4 አደርገዋለሁ።